ሳሙራይን ለአዳማ መንገድ ማዘጋጀት፦ ቁመት ይቅደም ወይስ ጉልበት?

ሱዙኪ ሳሙራይ ያለው ሰው ጋራዥ ሲገባ ቀድሞ ከአፉ የሚወጣው «ከፍ አድርጉልኝ» ነው። ከፍ ያለች ሳሙራይ ታምራለች፤ ትልቅ ጎማም ትጭናለች። ጣጣው የሚታየው ደራን አልፈው የአሰላን ዳገት ሲይዙ ነው። ድሮ በአራተኛ ማርሽ የምትወጣው መኪና በሦስተኛ ታቃስታለች፣ ፍሪሲዮኑ ይሸታል፣ አምስተኛ ማርሽ ለጌጥ ይቀራል።

ነገሩ የሒሳብ ነው። 1.3 ሊትሩ ሞተር አዲስ እያለ፣ በባሕር ጠለል ላይ ሲለካ፣ የሚሰጠው ከ60 ፈረስ ጉልበት ትንሽ የዘለለ ነው። አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ያህሉን ያጣል። አሰላ አጠገብ፣ 2,400 ሜትር ላይ፣ ሩቡ ሄዷል። ትልቅ ጎማ የሚወስደው ደግሞ ከዚህ ከተረፈው ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የሚነዳ ሰው ስለ ቁመት ከመጠየቁ በፊት ጎማውን ይወስን፤ ቁመቱም ጉልበቱም ከጎማው ይከተላሉ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ ሳሙራይ እንደ ዋዛ የሚተካ ዕቃ አይደለም። ከዚህ በታች ካሉት አማራጮች አንዳንዶቹ በቁልፍ ተፈትተው ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ፤ አንዳንዶቹ በብየዳ የሚገቡ ናቸውና አይመለሱም። ዋጋ ስታወዳድሩ ይህንንም አብራችሁ ቁጠሩት።

ጎማው

የፋብሪካው 205/70-15 ጎማ ቁመቱ 67 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። (መኪናችሁ የመጣችው በ195-15 ከሆነ ቀድሞውንም 70 ላይ ናት፤ የሚከተሉትን ቁጥሮች በዚያ ልክ ቀንሱ።) 215/75-15 ቁመቱ 70 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በ5 በመቶ ይበልጣል፣ ያለ ምንም ለውጥ ይገባል። 235/75-15 ወደ 73 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ 10 በመቶ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጭማሪ ነው። ባሌስትራው (ጎማውን የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ቅጠል) 5 ሳንቲ ሜትር ከተነሳ ይህም ይገባል፤ መሪው እስከ ጥግ ሲዞር የፊት መከላከያውን ጠርዝ ሊነካ ስለሚችል ትንሽ መከርከም ሊኖር ይችላል። ባለ 31 ኢንች ጎማ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከፋብሪካው በ16 በመቶ ገደማ ይበልጣል፣ ብዙ ከፍታ ይፈልጋል፣ ቸርኬውም መቀየር አለበት። የሳሙራይ ቸርኬ ስፋቱ 5.5 ኢንች ነው፤ 31×10.5 የሚፈልገው ቢያንስ 7 ነው። ለ235/75 እንኳ 6 ኢንች ቸርኬ ነው ትክክለኛው። በጠባብ ቸርኬ የገባ ሰፊ ጎማ መሀሉ ይበላል፣ አየሩ ሲቀነስም ከቸርኬው ከንፈር በቀላሉ ይወጣል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ባሌስትራ ማንሳት ሻንሲውንና አካሉን እንጂ ዲፍረንሻሉን (አክስሉ መሀል ያለውን፣ ጎማዎቹን የሚያዞረውን የጥርስ ቤት) ከመሬት በአንዲት ሚሊ ሜትር እንኳ አያርቀውም። ድንጋይ የሚመታው ደግሞ ዲፍረንሻሉ ነው። እሱን ከፍ የሚያደርገው ጎማ ብቻ ነው፤ ያውም ከጎማው ቁመት ጭማሪ ግማሹን ብቻ። 235/75 ዲፍረንሻሉን 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያነሳዋል፣ ባለ 31ዱ ደግሞ 5 ከምናምን። በሁለቱ መካከል ያለው 2 ሳንቲ ሜትር ነው። ለዚያች 2 ሳንቲ ሜትር ብላችሁ ቸርኬ፣ ባሌስትራ፣ ጉልበት ወደ ዲፍረንሻል የሚወስደውን ፕሮፔለር ሻፍትና መሪ ትቀይራላችሁ።

በክረምት የወንጂ ሜዳ ጥቁር መሬት ላይ ደግሞ ቁመት ብዙም አያድንም። መረሬው የጎማውን ጥርስ ሞልቶ እንደ ጡብ ያደርገዋል፤ እዚያ የሚሠራው ጥርሱ የተራራቀ፣ ጭቃውን እየተፋ የሚሄድ ጎማ ነው። 235/75 ባለ ጭቃ ጥርስ ከባለ 31 ለስላሳ ጎማ ይበልጣል።

ባሌስትራው

ርካሹ ሥራ ሻክል የሚሉትን የባሌስትራ ማንጠልጠያ በረጅም መተካት ነው። ሰው የሚሳሳተው ልኩ ላይ ነው፤ ማንጠልጠያው 5 ሳንቲ ሜትር ቢረዝም መኪናዋ የምትነሳው 2.5 ብቻ ነው፣ ምክንያቱም የሚወርደው የባሌስትራው አንድ ጫፍ ብቻ ነው። ከኋላ ብዙም ጉዳት የለውም። ከፊት ግን የሳሙራይ ማንጠልጠያ በባሌስትራው የፊት ጫፍ ስለሆነ፣ ሲረዝም አክስሉ ወደ ፊት ይደፋል፣ ካስተሩም ይቀንሳል። ካስተር ማለት መሪውን ከጠመዘዛችሁት በኋላ ራሱን ወደ ቀጥታ የሚመልሰው ዘንበልታ ነው። እሱ ሲጠፋ በአዲስ አበባ ፈጣን መንገድ በ90 መኪናዋ ትዋኛለች፤ እጃችሁ ከመሪው ሥራ አይፈታም። መድኃኒቱ በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የሚገባ ሽብልቅ ብረት ነው፤ ባሌስትራው ከአክስሉ ሥር እስካለ ድረስ ወፍራም ጫፉ ወደ ፊት ይሁን። ተገልብጦ ከገባ ችግሩን እጥፍ ያደርገዋል።

ሁለተኛው መንገድ ባለውን ባሌስትራ ማጎበጥ ወይም ቅጠል መጨመር ነው። አዳማ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚያልፍባት ከተማ ስለሆነች ባሌስትራ ሠሪ አይጠፋም፤ ግን እጃቸው የለመደው የጭነት መኪና ነው። ከጭነት መኪና የተቆረጠ ወፍራም ቅጠል፣ ከ1 ቶን ብዙም በማታልፍ ሳሙራይ ሥር ሲገባ ሞላነቱ ቀርቶ እንደ ድልድይ ብረት ይሆናል። መኪናዋ ትነሳለች፤ ግን ጎርበጥባጣ ላይ ጎማው መሬት ስለማይነካ ፍሬን እንኳ በደንብ አትይዝም። ሳይሞቅ በመዶሻ ብቻ የጎበጠው ደግሞ በጥቂት ወራት ተመልሶ ይተኛል። ይህ መንገድ የሚያዋጣው አንድ ዓይነት ሰው ነው፦ ከኋላ ሁለት ሦስት ኩንታል ሽንኩርት ዘወትር የሚጭን። እሱም ከኋላ ብቻ፣ ውፍረቱ ከነባሮቹ ጋር እኩል የሆነ አንድ ቅጠል ብቻ ይጨምር። ቅጠል ሲጨመር የመሀሉ ቡሎን በረጅም ይተካል፤ የቡሎኑ ራስ በአክስሉ መቀመጫ ቀዳዳ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ካልተቀመጠ አክስሉ ቀስ በቀስ ይንሸራተትና መኪናዋ እንደ ሸርጣን ጎኗን ሰጥታ ትሄዳለች።

ሦስተኛው፣ እኛ የምንመክረው፣ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲያደርግ ተብሎ የተሠራ ሙሉ ባሌስትራ ከነአሞርዛተሩ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይወደዳል፤ ግን ሻንሲው አይቆረጥም፣ ፕሮፔለር ሻፍቱ አይነካም፣ ነገ ማውጣት ቢያስፈልግ በአንድ ቀን ይወጣል። ሥራው ላይ የሚበላሹት ትንንሽ ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው የማንጠልጠያና የባሌስትራ ቡሎኖች የሚጠብቁበት ሰዓት ነው። መኪናዋ በክሪክ ተንጠልጥላ እያለች ከጠበቁ፣ ጎሚኒው (ቡሎኑ የሚያልፍበት ጎማ) በዚያ ቦታ ይነከሳል፤ መኪናዋ ስትወርድ ተጠማዝዞ ይቆያል፣ በወር በሁለት ወር ይቀደዳል። ስለዚህ ዳዶዎቹ በእጅ ብቻ ይግቡ፣ መኪናዋ በአራት ጎማዋ መሬት ላይ ትቁም፣ ከጎን ሁለት ሦስቴ ትወዝወዝ፣ ከዚያ ይጥበቅ። ሁለተኛው ዩ ቦልት ነው። አንዴ የተሳበ ዩ ቦልት ስለሚረዝም ተመልሶ አይገባም፤ አዲስ ይገዛል፣ አራቱ ዳዶዎች በመስቀለኛ ተራ ይጠብቃሉ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና፣ ከ500 በኋላም አንዴ። የአዳማ ዙሪያ ጥርብ ድንጋይ ያላላዋል። ሦስተኛው የፍሬን ጎማ ቱቦ ነው፤ አክስሉ እስከ መጨረሻው ሲንጠለጠል ቱቦው ከተወጠረ በረጅም ይለወጥ፤ ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። በመጨረሻም መሪው። መኪናዋ ስትነሳ ከመሪ ሳጥኑ ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ስለሚያጋድል የመሪው እጀታ ወደ አንድ ጎን ይጠመማል። ማስተካከያው ዘንጉ ላይ ባለው ማርዘሚያ ነው፤ እጀታውን ነቅሎ በሌላ ጥርስ መልሶ ማስገባት ጠማማውን ይደብቃል እንጂ አያስተካክልም፣ መሪውም ወደ አንዱ ጎን አጥሮ ይቀራል።

አራተኛው ባሌስትራውን ከአክስሉ ሥር አውጥቶ ከላይ ማድረግ ነው። 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያነሳል፣ ያለ አዲስ ባሌስትራ፤ ስለዚህ ሲሰሙት ርካሽ ይመስላል። አይደለም። አዲስ መቀመጫዎች አክስሉ ላይ ይበየዳሉ፤ ሲበየዱም ካስተሩና የፒኞኑ (ሻፍቱ የሚያዞረው ትንሹ የዲፍረንሻል ጥርስ) አቅጣጫ በዲግሪ መለኪያ ይያዛል፣ በዓይን ግምት አይሆንም። ፕሮፔለር ሻፍቶቹ ያጥራሉ፤ መንሸራተቻ ጥርሳቸው እስከ ጫፍ ይወጣና ጉድጓድ ላይ ሊለያይ ይችላል፤ ማስረዘሚያ ወይም በቶርኖ ቤት የተሠራ ረጅም ሻፍት ግድ ነው። የመሪው ዘንግ አዲስ አቀማመጥ ይፈልጋል። ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ሲሆን ጎማው በጉልበት ሲያዝ አክስሉ ይጠመዘዛል፣ ባሌስትራው እንደ እባብ ይታጠፋል፣ ፒኞኑ ወደ ላይ ቀና ይልና ክሮቸራው (የሻፍቱ መስቀለኛ መገጣጠሚያ) ይሰበራል፤ ይህን የሚይዝ ተጨማሪ ክንድ ያስፈልጋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረው ከሁሉም የከበደው ነው፦ ሳሙራይ በጎማዎቿ መካከል ያላት ስፋት 1.3 ሜትር ብቻ ነው። ፋብሪካዋ በሠራት ቁመት እንኳ አሜሪካ ውስጥ «በቀላሉ ትገለበጣለች» ተብላ በ1988 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ክርክር በስምምነት ያለቀው በ2004 ነው። ማን ትክክል እንደነበር እዚህ አንፈርድም፤ 13 ሳንቲ ሜትር ሲጨመርባት ግን ጥያቄው በጣም ይቀላል። ይህን ሥራ የሚመርጥ ሰው ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚያሰፋ መሆን አለበት፤ ፈጣን መንገዱንም ይርሳው። ዓመታዊ ምርመራ ላይም ቦሎ ከመለጠፉ በፊት መርማሪው ቀድሞ የሚያየው መሪውንና ፍሬኑን ነው።

ጉልበቱ

ሳሙራይ ከሦስት ቦታ ጉልበት ታባዛለች፤ ካምቢዮ፣ ከካምቢዮው ተለይቶ የተቀመጠውና ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ረዳት ካምቢዮ፣ ከዚያ ዲፍረንሻል። ቁጥሩ ሲያድግ ጉልበት ይጨምራል፣ ፍጥነት ይቀንሳል። የፋብሪካዋ ረዳት ካምቢዮ ቀላሉ ማርሽ (ለመደበኛ መንገድ) 1.409፣ ከባዱ (ለአስቸጋሪ ቦታ) 2.268 ነው፤ ዲፍረንሻሏ 3.727። በእነዚህ ቁጥሮች በፋብሪካ ጎማ፣ በአምስተኛ ማርሽ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ሞተሩ በደቂቃ 3,400 ገደማ ይዞራል። በ235/75 ወደ 3,100 ይወርዳል፣ በባለ 31 ወደ 2,900። ዝቅ ያለ ዙር ነዳጅ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ጉልበቱ ስለማይበቃ ግን ነጂው አራተኛ አስገብቶ ይረግጣል፣ ቁጠባውም ይቀራል።

መፍትሔ አንድ፦ የኤስጄ 410ን ረዳት ካምቢዮ ማስገባት። የቀድሞው ባለ 1 ሊትር ሞተር ሱዙኪ ረዳት ካምቢዮ ቀላሉ 1.58፣ ከባዱ 2.51 ነው። በሳሙራይ ቦታ ሲገባ በቀላሉ 12 በመቶ፣ በከባዱ 11 በመቶ ጉልበት ይጨምራል። ከ235/75 ጎማ ጋር ሲጣመር ሒሳቡ ይጋጠማል ማለት ይቻላል፤ ጎማው 10 በመቶ ሲወስድ ረዳት ካምቢዮው 12 ይመልሳል፣ በ100 ላይ ሞተሩ ወደ 3,500 ይመለሳል። አንድ ሣጥን፣ ሦስት ሻፍት ፈትቶ ማሰር፣ 0.8 ሊትር ዘይት። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ስትገዙ ሁለት ነገር ተመልከቱ። የሻፍት ማሰሪያው ቀዳዳዎች ከእናንተ ሻፍት ጋር ይገጥሙ እንደሆነ በካርቶን ቅርጽ ይዛችሁ ሂዱ፤ እንዲሁም አንዳንድ 410 ላይ የእጅ ፍሬኑ ከረዳት ካምቢዮው ጀርባ ስለሆነ የማሰሪያው ልክ ይለያል። ሣጥኑ ወርዶ ሳለ የሚቀመጥባቸውን ሦስት የጎማ ትራሶች ቀይሩ። ፍሪሲዮን ሲለቀቅ «ጓ» የሚል ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከተሰነጠቀ ትራስ ነው፤ ሰው ግን ክሮቸራ ይቀይራል።

መፍትሔ ሁለት፦ እዚያው ሣጥን ውስጥ ከውጭ የሚመጣ 4.16 የከባድ ማርሽ ስብስብ። ለድንጋይና ለገደል ነው። በፋብሪካው ቁጥር፣ ከባዱን ይዛ በአንደኛ ማርሽ፣ ሞተሩ 1,000 ሲዞር በ235/75 ጎማ በሰዓት 4.4 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ በ4.16 ወደ 2.4 ይወርዳል፣ ፍሪሲዮን ሳይነካ በድንጋይ ላይ ትሳባለች። የቦሰት ጥቁር ድንጋይ ላይ ደስ ይላል። ግን ያ ሁሉ ጉልበት በሻፍቶቹ፣ በሴሚያሶቹ (ከዲፍረንሻል ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች) እና በፊት ሲቪ ጆይንት (ከመሪው ጋር የሚታጠፈው መገጣጠሚያ) ያልፋል፤ መሪ ጥግ ድረስ ተጠምዝዞ ቤንዚን ከተረገጠ የሚሰበረው ሲቪ ጆይንቱ ነው። ነጂው ቀስ የሚል ካልሆነ አይግዛው።

መፍትሔ ሦስት፦ የቪታራ የኋላ ዲፍረንሻል፣ 5.12። ከአሮጌ ቪታራ የሚገኘው ይህ ምጣኔ በሁሉም ማርሽ 37 በመቶ ጉልበት ይጨምራል። በባለ 31 ጎማ ላሉት ብቸኛው ጤናማ መንገድ ነው። በ235/75 ግን በ100 ላይ ሞተሩ ከ4,200 በላይ ይጮኻል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ጆሮውን ይዞ ይመለሳል። ከፊትም ከኋላም የቪታራው የኋላ ብረት ራስ (ጥርሶቹን የያዘው የዲፍረንሻሉ ክፍል) ነው የሚገባው፤ የፊቱ የአሉሚኒየም ቤት ስላለው አይሆንም። የሻፍት ማሰሪያውም መብሳት ሊፈልግ ይችላል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት የኋላውን ብቻ ቀይሮ የፊቱን «በኋላ» ማለት ነው። ፎር ዊል ሲገባ የፊትና የኋላ ጎማ በተለያየ ፍጥነት ሊዞሩ ይታገላሉ፤ የሚሸነፈው ረዳት ካምቢዮው ወይም ሴሚያሱ ነው። ስለዚህ የተገዛው ዕቃ ትክክለኛ መሆኑን ከመግጠም በፊት አረጋግጡ። የዲፍረንሻሉ ራስ ወርዶ ከሆነ ጥርስ ይቆጠራል፦ 3.727 ማለት ኮሮናው (ትልቁ ክብ ጥርስ) 41 ፒኞኑ 11 ነው፣ 5.12 ደግሞ 41 በ8። መኪና ላይ ያለ ከሆነ አንዱ የኋላ ጎማ መሬት ላይ ይቅር፣ ሌላው ይነሳ፣ ማርሹ ነፃ ይሁን፣ ሌሎቹ ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ፤ የተነሳውን ጎማ በትክክል ሁለት ዙር አዙሩና ሻፍቱ ላይ በኖራ የተቀባው ምልክት ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠሩ። ሦስት ዙርና ሦስት ሩብ ሊሞላ ትንሽ ከቀረው 3.73 ነው፤ አምስት ዙርና ጥቂት ከሆነ 5.12። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ሻጩም አይከራከርም።

የዲፍረንሻሉን ራስ ከነቤቱ ሙሉውን ግዙ። ኮሮናና ፒኞን ለብቻ ተገዝቶ ሲገጠም በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር በሰዓት መለኪያ (ዲያል ጌጅ) መያዝ አለበት፤ መለኪያው የሌለው ሜካኒክ «በእጄ አውቀዋለሁ» ካለ ዕቃውን ይዛችሁ ውጡ። ጠብቆ ከተገጠመ ይሞቃል፣ ላልቶ ከሆነ በ60 ያፏጫል። ዘይቱ ጂኤል-5 80ደብሊው-90፣ ለፊት 2 ሊትር ለኋላ 1.5። ፍጥነት ቆጣሪው የሚነዳው ከረዳት ካምቢዮው መውጫ ስለሆነ ረዳት ካምቢዮ መቀየር አያዛባውም፤ ጎማና ዲፍረንሻል ግን ያዛቡታል። በ235/75 ቆጣሪው 100 ሲል እናንተ 110 ላይ ናችሁ።

አክስሉ ሲፈታ መተንፈሻውን አትርሱ። የሞቀ ዲፍረንሻል ውኃ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይኮማተርና ውኃውን በመተንፈሻው ይስባል፤ ዘይቱ እንደ ወተት ሻይ ይሆናል። ሁለት ሜትር የጎማ ቱቦ ወደ ሞተር ቤት ከተዘረጋ ይበቃል።

ዲፍረንሻል መቆለፍ

ዲፍረንሻል የሚቆለፈው ሁለቱም ጎማ እኩል እንዲዞር ነው። በብየዳ የተቆለፈ ዲፍረንሻል ለአዳማ አይሆንም፤ አስፋልት ላይ በእያንዳንዱ አደባባይ አንዱ ጎማ ይጎተታል፣ ጎማው ይላጫል፣ ሴሚያሱ ይሰበራል። በአየር የሚቆለፈው ጥሩ ነው፣ ውድ ነው። ከሁለቱም በፊት ግን የፊት ሞዞ መቆለፊያዎቹን (የፊት ጎማውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዙትን) እዩ። «ፎር ዊሉ አይሠራም» ተብሎ ከሚመጣው ውስጥ መቆለፊያው በአሸዋ የደረቀ ወይም ያልተዞረ ብዙ ነው።

ጂምኒ ከሆነች

የ1998ቷ (እ.ኤ.አ.) ትውልድ ጂምኒ ሞላ ስላላት ከላይ ያለው የባሌስትራ ነገር አይመለከታትም። ለእሷ 5 ሳንቲ ሜትር ሞላ በቂ ነው፤ ከሞላው ሥር የሚገባ የጎማ ትራስ 3 ሳንቲ ሜትር ካለፈ አይመከርም። አክስሉን በጎን የሚይዘው ፓናርድ ዘንግ ካልረዘመ አክስሉ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ካስተሩም ይቀንሳል፤ በ70 ገደማ መሪው ከተንቀጠቀጠ ግን ከካስተሩ በፊት የመሪ ፒኑን ኩሽኔታዎች ፈትሹ።

ማን ምን ይምረጥ

ከአዳማ ሶደሬ፣ ከአዳማ አሰላ፣ አልፎ አልፎ አዲስ አበባ የሚል ሰው፦ 235/75፣ የ5 ሳንቲ ሜትር ባሌስትራ፣ የ410 ረዳት ካምቢዮ። በጀቱ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ረዳት ካምቢዮው ከ215/75 ጎማ ጋር ይቅደም፤ ባሌስትራው ይቆይ። ይህን ቅደም ተከተል የሚገለብጥ ሰው በየዳገቱ ይከፍላል።

እርሻ ላይ ጭነት የሚያመላልስ ከኋላ አንድ ቅጠል ጨምሮ፣ ከፊት ምንም ሳይነካ፣ ገንዘቡን ጥሩ የጭቃ ጎማ ላይ ያድርግ።

ባለ 31ዱን ጎማ አስቀድሞ የገዛ ሰውስ? ወይ ይሽጠው፣ ወይ 5.12 ዲፍረንሻል ለፊትም ለኋላም እስኪያገኝ ድረስ ጋራዥ ውስጥ ያስቀምጠው። እስከዚያ የፋብሪካ ጎማዋ ላይ ትቆይ፤ ፍሪሲዮኗ ያመሰግነዋል።